ለልጃችሁ የተመደበው ድጋፍ መስኮት ላይ እንዳይቀር

ለልጅ ድጋፍ ልትጠይቁ ስትነሱ ከሁሉም በፊት የሚያስፈልጋችሁ የምታውቁት ባለሥልጣን አይደለም። ፋይል ነው። አንድ የፕላስቲክ ፋይል ግዙ፤ ከዛሬ ጀምሮ ስለ ልጃችሁ የተጻፈ ማንኛውም ወረቀት እዚያ ይግባ።

ብዙ ቤተሰብ ድጋፍ የሚያጣው ስለማይገባው አይደለም። ሕጉ ይፈቅድለታል፣ በጀትም ተይዞለታል። ግን መሃል ላይ አንድ ወረቀት ይጎድላል፣ ወይም የማመልከቻው ቀን ያልፋል፣ ወይም መስኮቱ ጋ ያለው ሰው "አይቻልም" ይለዋል፤ እሱም እሺ ብሎ ይመለሳል። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ያ "አይቻልም" ብዙ ጊዜ የሠራተኛው ግምት እንጂ የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ አይደለም።

የትም አገር ኑሩ፣ የድጋፉ ስምና መጠን ይለያያል እንጂ መንገዱ ብዙም አይለያይም።

ምን ምን እንዳለ እወቁ

ድጋፍ ሲባል ቶሎ የሚታየን ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ግን ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነው። የወሊድ ፈቃድ አለ። የሕፃናት ማቆያ፣ ወይም ለማቆያ የሚከፈል ድጎማ አለ። ነፃ ሕክምናና ክትባት፣ የትምህርት ቤት ምገባ፣ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች የሚሰጥ ድጋፍ፣ የቤት ኪራይ እገዛ፣ ለወላጆች የሚሰጥ የምክር አገልግሎት አለ። አንድ ቤተሰብ ከእነዚህ ሦስት አራቱን በአንድ ጊዜ ሊያገኝ ይችላል። ችግሩ እያንዳንዱ የራሱ መሥሪያ ቤት ስላለው አንዱ ስለሌላው አይነግራችሁም። ስለዚህ የትኛውም ቢሮ ገብታችሁ ከመውጣታችሁ በፊት "እንደኛ ላለ ቤተሰብ ሌላ ምን አለ? የትስ ነው የሚጠየቀው?" በሉ። በተለይ የጤና ጣቢያ ነርሶችንና የትምህርት ቤት መምህራንን ጠይቁ። ቀኑን ሙሉ ከቤተሰቦች ጋር ስለሚውሉ የቱ ድጋፍ በእርግጥ እንደሚሰጥና የቱ በወረቀት ላይ ብቻ እንዳለ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ገንዘቡም ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ደግሞ የምትይዙትን ወረቀት ይወስናል። አንዳንዱ ለሁሉም ልጅ የሚሰጥ ነው፤ የወላጅ ገቢ አይታይም፣ ልጁ መኖሩን ማሳየት በቂ ነው። አንዳንዱ ገቢ ታይቶ የሚሰጥ ነው፤ እዚህ የደመወዝ፣ የኪራይና የባንክ ወረቀት ይጠየቃል። ሦስተኛው ቅድመ ሁኔታ ያለው ነው። ቦልሳ ፋሚሊያ የተባለው የብራዚል መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር ለድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ የሚሰጠው ልጆቹ ትምህርት ቤት እንዲውሉ፣ እንዲከተቡ፣ ነፍሰ ጡሯም የቅድመ ወሊድ ክትትል እንድታደርግ በሚል ውል ነበር። እንዲህ ዓይነት ድጋፍ የምታገኙ ከሆነ የክትባት ካርዱና የትምህርት ቤት መዝገቡ የክፍያችሁ ማረጋገጫ ናቸው። ልጁ ታሞ ከትምህርት ቤት ከቀረ የሐኪም ወረቀት ያዙ፤ ያለበለዚያ ያልተፈቀደ መቅረት ሆኖ ይመዘገብና በኋላ ክፍያው ሲቆም ለማስረዳት ትቸገራላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ይረሳል። ልጁን የምታሳድጉት እናት ወይም አባት ባትሆኑም ጠይቁ። አያት፣ አክስት፣ ታላቅ እህት ልጅ ይዘው ሳለ "ወላጅ አይደለሁም" ብለው የሚቀሩ ብዙ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረችው የልጆች ድጎማ የሚከፈለው በዋናነት ልጁን ለሚንከባከበው ሰው ነው፤ የግድ የወለደው መሆን አይጠበቅበትም። በየአገሩ ደንቡ ይለያያል፣ ግን "ልጁን በተግባር የማሳድገው እኔ ነኝ፤ በምን ማስረጃ ላሳይ?" ብሎ መጠየቅ አይከለከልም። የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ ስማችሁ እንደ አሳዳጊ የተጻፈበት የክትባት ካርድ፣ የጎረቤት ምስክርነት፣ እነዚህ ሁሉ ሊያገለግሉ ይችላሉ።

ፋይሉ ውስጥ ምን ይግባ?

አንደኛው የልደት ምስክር ወረቀት ነው። እዚህ ላይ አልደራደርም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን (ዓለም አቀፍ ስምምነት) በአንቀጽ 7 ልጅ እንደተወለደ ወዲያው ይመዝገብ ይላል። ያለዚህ ወረቀት ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ፣ የት እንደተወለደ በየመስኮቱ ከባዶ ማስረዳት ይሆናል። ምዝገባው የጊዜ ገደብ አለው፤ ገደቡ ካለፈ ግን በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ማስረጃ፣ አንዳንዴም ቅጣት ተጠይቆ ይመዘገባል። ስለዚህ ልጁ አምስት ዓመት ቢሞላውም ሂዱና አስመዝግቡ።

ወረቀቱን ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። የልጁ ስም፣ የወላጆች ስም፣ ቀኑ፣ ዓመቱ። በእናት መታወቂያ ላይ ስሟ በ"ኃ" ተጽፎ በልጁ ወረቀት ላይ በ"ሀ" ከሆነ አንድ ቀን አንድ ጥንቁቅ ሠራተኛ "ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው" ይላችኋል። ስሙ በሌላ ቋንቋ ፊደል የሚጻፍ ከሆነማ ስህተቱ ይብሳል። የቀን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው፤ በሁለት ዘመን አቆጣጠር የተጻፉ ወረቀቶች ካሏችሁ የትኛው በየትኛው እንደሆነ በግልጽ ይጻፍላችሁ። ስህተቱን የዚያኑ ቀን ማስተካከል ቀላል ነው። ከዓመታት በኋላ ግን ፍርድ ቤት ድረስ ሊያስኬድ ይችላል።

ከዚያ የክትባት ካርድ፣ የወላጅ መታወቂያ፣ የመኖሪያ ማረጋገጫ፣ የገቢ ማስረጃ፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ የሕክምና ወረቀት። ዋናውን ከእጃችሁ አታውጡ፤ ኮፒ ስጡ፣ ዋናውን አሳይታችሁ መልሳችሁ ያዙ። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሱና ለምታምኑት ሰው ላኩለት፤ ስልክም ይጠፋል።

ቀኑን ያዙ

አንዳንድ ድጋፍ የሚጠየቀው ልጁ ከመወለዱ በፊት ነው። ፊንላንድ ለእናቶች የሕፃን ልብስና ዕቃ የያዘ ሣጥን መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1938 ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ነበር፤ ከ1949 ጀምሮ ለሁሉም ሆነ። ለማግኘት ግን እናቲቱ እርግዝናው አራተኛ ወሩን ከመጨረሱ በፊት መመርመር አለባት። ሣጥኑ እናቶች በጊዜ ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ ማበረታቻ ሆነ። እኛ ከዚህ የምንወስደው እርግዝናው እንደታወቀ ምን በምን ቀን እንደሚጠየቅ ማጣራትን ነው።

የወሊድ ፈቃድም እንዲሁ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ቁጥር 183 ስምምነት ዝቅተኛውን 14 ሳምንት አድርጎታል፤ ከእነዚህ ውስጥ 6ቱ ሳምንት ከወሊድ በኋላ የግድ የሚወሰድ ነው። ወደ ሥራ ስትመለሱም የጡት ማጥቢያ ዕረፍት እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ እንዲከፈልበት ይላል። የእናንተ አገር ስምምነቱን ተቀብሎት እንደሆነ ወይም ከዚያ የሚሻል ሕግ እንዳለው ከሠራተኛ ማኅበር ወይም ከአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ጠይቁ። ለአሠሪያችሁ በቃል ብቻ አትንገሩ። በጽሑፍ አሳውቁና የተቀበለበትን ፊርማ ቀሪ ኮፒው ላይ አስፈርሙ። አባቶችም ጠይቁ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1974 የወላጅነት ፈቃድን ለአባትም ስትከፍት ከዓለም የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ዛሬ ብዙ አገር ጥቂትም ቢሆን ለአባት የተፈቀደ ቀን አለው፣ ሳይጠየቅበት ይቀራል እንጂ።

የልጃችሁ ዕድገት ካሳሰባችሁ፣ ለምሳሌ ሲጠሩት ካልዞረ፣ እኩዮቹ ሲናገሩ እሱ ዝም ካለ፣ "ይደርሳል፣ ወንድ ልጅ ይዘገያል" የሚላችሁን ሁሉ አትስሙ። ቶሎ የተጀመረ እገዛ ዘግይቶ ከተጀመረው ይሻላል። በአሜሪካ ከልደት እስከ 3 ዓመት ላሉ ልጆች በሕግ የተቋቋመ አገልግሎት አለ፤ ወላጅ የሐኪም ወረቀት ሳይጠብቅ ራሱ ምርመራ መጠየቅ ይችላል፣ ምርመራውም በነፃ ነው። እንዲህ ያለ አሠራር በምትኖሩበት ቦታ ባይኖር እንኳ ለክትባት ስትሄዱ "ዕድገቱን እዩልኝ" ብላችሁ ጠይቁ፣ ያሉትንም ካርዱ ላይ አስጽፉ።

"ልጄን ይወስዱብኛል" ለሚል ፍርሃት

ይህን ፍርሃት አቅልዬ አላየውም። እናቶች ቤት ውስጥ እየተደበደቡ፣ አባቶች ሥራ አጥተው ልጆቹ እየተራቡ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛ ዘንድ የማይሄዱት በዚህ ምክንያት ነው። ማወቅ ያለባችሁ ይሄ ነው። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 9 ልጅ ከወላጁ የሚለየው ለልጁ ደኅንነት የግድ ሲሆን ብቻ፣ ያውም በፍርድ ቤት ሊታይ በሚችል ውሳኔ ነው ይላል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው፣ ከወላጆቻቸው ተለይተው ስለሚያድጉ ልጆች የሚናገረው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት መሆን እንደሌለበት፣ ይልቁንም ቤተሰቡ መታገዝ እንዳለበት የሚያሳይ ምልክት እንደሆነ ይናገራል። በሁሉም ቦታ እንደተጻፈው ይሠራል አልልም። ስለዚህ ተዘጋጅታችሁ ሂዱ።

የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ግቡ። የምትፈልጉትን ለይታችሁ ተናገሩ፤ "ችግር ላይ ነን" ከማለት "ለሦስት ወር የቤት ኪራይ፣ ለትንሹ ልጅ ማቆያ እፈልጋለሁ" ማለት ይሻላል፤ እንዲህ ሲባል ሠራተኛው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ያልገባችሁ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ቋንቋው ካልገባችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልጃችሁን ግን አስተርጓሚ አታድርጉት። የስምንት ዓመት ልጅ የእናቱን መደብደብ ወይም የአባቱን ዕዳ ለማያውቀው ሰው እየተረጎመ መቀመጥ የለበትም። ቤት ውስጥ ድብደባ ካለ ደግሞ ድጎማውን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ እናንተና ልጆቹ ደኅና ቦታ ድረሱ፤ ወረቀቱ ከዚያ ይቀጥላል።

"አይቻልም" ሲሏችሁ

አትጩኹ፣ አትለምኑ። የሠራተኛውን ስም፣ ቀኑንና ያለውን ነገር እዚያው ጻፉ። ከዚያ ውሳኔውን በጽሑፍ ጠይቁ። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፤ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

"በቀን … ባቀረብኩት ማመልከቻ ለልጄ የጠየቅኩት ድጋፍ እንደማይሰጠኝ በቃል ተነግሮኛል። ውሳኔው ምክንያቱንና የተመሠረተበትን የሕግ ወይም የመመሪያ አንቀጽ ጠቅሶ፣ ቅሬታ የማቀርብበትን ቦታና የጊዜ ገደብ ገልጾ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።"

በሁለት ኮፒ አዘጋጁት። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ሌላው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስመቱበትና ፋይላችሁ ውስጥ ይግባ። ይህ ደብዳቤ ሲገባ ብዙ "አይቻልም" ወደ "እስቲ እንየው" ይለወጣል፤ ምክንያቱም በቃል መከልከል ቀላል ነው፣ አንቀጽ ጠቅሶ ፈርሞ መከልከል ግን ኃላፊነት አለው።

የጽሑፍ ውሳኔው ከመጣ የይግባኝ ቀኑን ቁጠሩ። አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። ሙሉ ማስረጃ እስኪሟላ አትጠብቁ፤ ይግባኙን በቀኑ አስገቡና "ቀሪውን ማስረጃ አያይዤ አቀርባለሁ" በሉ። ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማኅበራት፣ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ክሊኒኮች፣ የዕንባ ጠባቂ ተቋም ካለ እሱም፣ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ያያሉ። እናንተ የደረሰባችሁ በጎረቤቶቻችሁም ላይ ከደረሰ አንድ ላይ ሆናችሁ ጻፉ። የአምስት እናቶች ፊርማ ያለበት ቅሬታ መመሪያውን ራሱን ሊያስቀይር ይችላል።

ድጋፉ ከጀመረ በኋላ

የተለወጠ ነገር ካለ አሳውቁ። ሥራ ገባችሁ፣ ቤት ቀየራችሁ፣ ሌላ ልጅ ተወለደ፣ ተጋባችሁ፣ ተለያያችሁ። ዝም ካላችሁ የተከፈለው ትርፍ ገንዘብ በዕዳ መልክ ተመልሶ ይመጣል፤ እሱ ሲመጣ ደግሞ ገንዘቡ ካለቀ ቆይቷል። ሁልጊዜ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቀሪ ያዙ።

ድጋፉ በዕድሜ የሚቋረጥ ከሆነ ልጁ ያን ዕድሜ ሊሞላ ወራት ሲቀረው ጠይቁ። ትምህርት ላይ ላለ ወይም አካል ጉዳት ላለበት ልጅ አንዳንድ ቦታ ይራዘማል፣ ግን ካልጠየቃችሁ አይራዘምም። ክፍያው ያለ ማስጠንቀቂያ ከቆመም "በሚቀጥለው ወር ይገባ ይሆናል" ብላችሁ አትጠብቁ፤ የመጨረሻው ክፍያ የገባበትን ቀን የሚያሳየውን የባንክ ወረቀት ይዛችሁ በዚያው ሳምንት ሂዱ።