አማርኛው እምቢ ሲል፦ ሳጥን፣ ጥያቄ ምልክትና «መራፍ»

«ኮምፒውተሩ አማርኛ አልጽፍ አለ» ሲባል ጣጣው ያለው ወይ ኪቦርዱ ላይ፣ ወይ ፎንቱ ላይ፣ ወይ ጽሑፉ በተቀመጠበት ኮድ ላይ ነው። ይህን ሳይለዩ ሶፍትዌር እያጠፉ እንደገና መጫን ትርፉ ድካም ነው። መጀመሪያ ስክሪኑን በደንብ እዩት።

ሳጥን ነው ወይስ ጥያቄ ምልክት?

ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ አትደንግጡ። ጽሑፉ አለ፤ የጎደለው ፎንት ነው። ኒያላ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ሲጫን ሳጥኖቹ ፊደል ይሆናሉ። «????» ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንድ ፕሮግራም የማያውቀውን ፊደል ጥሎ በምትኩ ጥያቄ ምልክት አስቀምጧል። የትኛውም ፎንት አይመልሰውም።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ከኤክሴል የወጣ ፋይልን ነው። የሠራተኞች ስም በአማርኛ ሞልታችሁ በተራው ሲኤስቪ (ሠንጠረዡን ተራ ጽሑፍ አድርጎ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) ሴቭ ካደረጋችሁት፣ «አበበ» ያላችሁት «???» ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሴቭ ስታደርጉ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ። ዋናው የኤክሴል ፋይል ካለ ከእሱ እንደገና አውጡ፤ ከሌለ ያው እንደ አዲስ መጻፍ ነው። ዳታቤዝም እንዲሁ ነው፦ ስም የሚገባበት ዓምድ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ኮድ) የማይቀበል ከሆነ የሚያጠራቅመው ጥያቄ ምልክት ነው።

የድሮ ፋይል ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች ፊደሎቻችንን የሚያስቀምጡት በላቲኖቹ ቦታ ላይ ነበር። ፎንቱ ሲጠፋ ከሥር ያለው ላቲን ብቅ ይላል። ጽሑፉ የተጻፈበትን ፎንት ፈልጋችሁ ጫኑ፤ ከዚያ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዙሩት። ሁሉንም መርጣችሁ ፎንት እንዳትቀይሩ! ከ230 በላይ ፊደል አንድ ፎንት ውስጥ አልገባ ስላለ አንዳንዶቹ ለብዙ ፎንት ከፋፍለውት ነበር። አንድ ፎንት ስታደርጉት የቱ ፊደል ከየትኛው እንደመጣ መለያው ይጠፋል።

«ምእራፍ» ስጽፍ «መራፍ» ይላል

በድምፅ የሚሠራ ኪቦርድ ላይ ኤም ስትመቱ «ም» ይወጣል፤ ኢ ስትጨምሩ «መ» ይሆናል። «እ»ን ለብቻዋ እንደፈለጋችኋት በምን ይወቅ? «ሴራ» የተባለውን አጻጻፍ (የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደል የመጻፊያ ስምምነት) በሚከተሉት ኪቦርዶች ላይ በመሃል ነጠላ ጥቅስ ስትመቱ ሁለቱ ፊደላት ይለያያሉ። «ጠ» ፈልጋችሁ «ተ» ከመጣ ሺፍት ረስታችኋል፤ «ተ» ባላችሁ ቁጥር «ጠ» ከመጣ ደግሞ ካፕስ ሎኩን አጥፉ።

ፍለጋው «ፀሐይ»ን አያገኝም

«ፀ» በሁለት ዓይነት ይጻፋል። መሃሏ ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። 12 አጻጻፍ ማለት ነው፤ ለኮምፒውተሩ ደግሞ 12 የተለያዩ ቃላት። ተጠቃሚ ከሆናችሁ ሌላውን አጻጻፍ ሞክሩ። አፕ የምትሠሩ ከሆነ ግን ይሄ የእናንተ ሥራ እንጂ የተጠቃሚው አይደለም። ከማነጻጸር በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን በሁለቱም በኩል ወደ አንድ አምጡ። የተቀመጠውን ጽሑፍ ግን አትንኩ፤ ስሟን በ«ሠ» የጻፈች በ«ሠ» ትቆይ።

ፎርሙ «ስምዎ አጭር ነው» ይላል

«ቢያንስ ሦስት ፊደል» የሚለው ሕግ የመጣው ከላቲን ነው። «ሣራ» በአማርኛ ሁለት ፊደል ናት፤ «ዓሊ»ም እንዲሁ። ሕጉን አንሱት።

የአጭር መልእክት ሂሳብ እጥፍ መጣ

በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው መልእክት በአማርኛ 70 ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ሲያልፍ ከአንድ በላይ መልእክት ሆኖ ይቆጠራል። ለዚህ ደግሞ ሙሉ አማርኛ አያስፈልገውም፤ በእንግሊዝኛ መልእክት መጨረሻ ላይ አንዲት «።» ከተረሳች መልእክቱ እንዳለ ወደ 70 ይወርዳል።