ፒክአፑ ነው ወይስ አምፑ? የጊታር ድምፅ ሲያስቸግር

ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ፒያሳ ባሉ ቤቶች ማታ ማታ የሚጫወቱ ጊታሪስቶች ድምፅ ሲበላሽባቸው መጀመሪያ የሚወቅሱት አምፑን፣ ማለትም የድምፅ ማጉያውን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ያለው ከክሮቹ ሥር ነው። ፒክአፕ ማለት ማግኔትና በላዩ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ የተጠቀለለ፣ ከፀጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክር ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ናይለን ክር ያለው ክራር ላይ ብትገጥሙት ዝም የሚለውም ለዚህ ነው።

ድምፁ ታፍኗል፣ ትዝታ ስትጫወቱ ላይኛው ኖታ አይጠራም

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ በከንቱ ይወጣል። ሽቦው በበዛ ቁጥር ድምፁ ይጎላል፣ መሀሉ ይወፍራል፣ ቀጭኑ ድምፅ ግን ይቀንሳል። ስለዚህ «ኃይለኛ» የሚባለው ፒክአፕ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። የሽቦውን የኤሌክትሪክ መከላከል (ኦም) በቴስተር ስትለኩት የስትራት (ስትራቶካስተር የሚባለው የፌንደር ጊታር) ፒክአፕ 6 ኪሎ ኦም፣ የድሮ ዓይነት ሀምበከር (ሁለት ጥቅል ያለው ፒክአፕ) ደግሞ 8 ኪሎ ኦም አካባቢ ያሳያል። በቁጥሩ ብቻ ግን አትፍረዱ፤ ቀጭን ሽቦ ጥቅሉ ሳይበዛም ኦሙን ከፍ ያደርገዋል።

ፒክአፕ ከመቀየራችሁ በፊት አጠር ባለ ኬብል ሞክሩ፤ ረጅም ኬብል ቀጭኑን ድምፅ ይበላል። ከዚያ የቮልዩሙን ፖት፣ ማለትም ከቮልዩም ማዞሪያው ሥር ያለውን ክፍል እዩ። ሀምበከር ላይ ባለ 250 ኪሎ ኦም ከተገጠመ በ500 ቀይሩት። ይህ ሁሉ ካልረዳ ብቻ ጥቅሉን ማስቀነስ ያስኬዳል። በእጅ ወዲያ ወዲህ እየተበተነ የተጠቀለለ ሽቦ በማሽን ተደርድሮ ከተጠቀለለው ትንሽ ይጠራል ይባላል። እኔ ግን ከአጠቃለሉ ይልቅ የዙሩ ብዛት ይበልጥ ይሰማኛል።

ድምፁ ይወጋል

ምክንያቱ የማግኔቱ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሴራሚክና አልኒኮ 5 (አልኒኮ የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ ነው) ጠንካራ ማግኔቶች ናቸው፤ አልኒኮ 2 ለስለስ ይላል። ሀምበከር ላይ ማግኔቱ ከሥር የተኛ ዘንግ ስለሆነ አውጥቶ መቀየር ይቻላል። የስትራት ግን ስድስቱ ዘንጎች ራሳቸው ማግኔት ናቸው፤ በብዙዎቹ ሽቦው በቀጥታ እነሱ ላይ ስለተጠቀለለ ገፍታችሁ ለማውጣት አትሞክሩ፣ ይበጠሳል።

ወፍራሙ ክር ከ12ኛው ፍሬት በላይ አልቃኝ ይላል

ማግኔቱ ክሩን እየሳበው ነው። ኔኩን ከማስነካታችሁ በፊት ካቻቢቴ አንሱና ፒክአፑን ዝቅ አድርጉት። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭናችሁ ስትለኩ በወፍራሙ ክርና በፒክአፑ መካከል 3 ሚሊሜትር ገደማ ክፍተት ይኑር።

ቮልዩም ሲጨመር ያፏጫል

የጥቅሉ ሽቦ ላልቶ ራሱ እየተርገበገበ ሊሆን ይችላል። ሰም ውስጥ መንከር ያስተካክለዋል። ሰሙን የምታቀልጡት እሳት ላይ ሳይሆን በሙቅ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይሁን፤ ሙቀቱም 65 ዲግሪ አካባቢ ይቁም፣ አለዚያ ፕላስቲኩ ይጣመማል።

ሁለቱ ፒክአፖች አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ይሳሳል

አንዱ በተቃራኒ ተገናኝቷል። ከአንዱ ፒክአፕ የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች ቦታ አቀያይሩ።