ከድሬዳዋ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፦ በካያክ ከዳርቻ ርቀው ዓሣ ማጥመድ ለሚጀምሩ

ድሬዳዋ ባሕር ባይኖራትም የባሕር ጎረቤት ናት። ከተማችን የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ በመድረሱ ነው፤ ዛሬም በኤሌክትሪክ ባቡር የተሳፈረ ሰው በዚያው ዕለት በጅቡቲ ናጋድ ጣቢያ ይወርዳል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ከዚያ ወርደው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በካያክ፣ ማለትም አንድ ሰው ተቀምጦ በሚቀዝፋት ጠባብ ጀልባ፣ ከዳርቻው አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር ርቀው ዓሣ ለማጥመድ ለሚያስቡ ጀማሪዎች ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ መንጠቆ ነው። እኔ ግን የማስቀድመው ሌላ ነገር ነው፤ ጀልባዋ ብትገለበጥ ብቻዎን ተመልሰው መውጣት እስኪችሉ ድረስ የማጥመጃ ዘንግ ይዘው ወደ ባሕር አይውጡ።

ወቅቱን ከነፋሱ አንጻር ይምረጡ። በጅቡቲ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ካምሲን የሚባለው ደረቅና አቧራማ ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል፤ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ለጀማሪ የሚመቹት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያሉት ቀዝቀዝ ያሉ ወራት ናቸው። በእነዚህም ወራት ቢሆን ነፋሱ ከረፋድ በኋላ እየበረታ ስለሚሄድ፣ ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት መመለስ ይገባል። ነፋሱ በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሆን ትንበያው ካመለከተ ዕለቱን በዳርቻው ይዋሉ።

ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ከሁሉ ይልቅ አታላይ ነው። ዳርቻው ላይ ለቆመ ሰው ኮረብታውና ቤቶቹ ነፋሱን ስለሚከልሉለት ውሃው ጸጥ ብሎ ይታየዋል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ከተቀዘፈ በኋላ ግን ያው ነፋስ ካያኩን ወደ ሰፊው ባሕር ይገፋዋል፣ የመመለሻው ቅዝፊያም በየደቂቃው ይከብዳል። እኛ የድሬዳዋ ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ብዙ ወገኖቻችንን የወሰደው ደጋው ላይ በዘነበው ዝናብ ነው፤ አደጋው ዓይናችን ከማያየው ቦታ ነበር የመጣው። ስለዚህ በቆሙበት ዳርቻ ጸጥታ ሳይረኩ፣ ራቅ ብሎ የሚታየው ውሃ መጥቆሩንና ነጭ አረፋ ማውጣቱን ይመልከቱ።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ካያክ ሰው ላዩ ላይ የሚቀመጥበት፣ ውሃ የሚያፈስሱ ቀዳዳዎች ያሉት ዓይነት ነው። እግር ወደ ውስጥ የሚገባበት ዓይነት ሲገለበጥ ውሃ ስለሚሞላና ለማውጣትም ልምድ ስለሚጠይቅ ለጀማሪ አይመከርም። ርዝመቱ ከሦስት ሜትር ተኩል እስከ አራት ሜትር ተኩል ቢሆን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ስፋቱ 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ሚዛን ለመጠበቅ ይረዳል። አምራቹ 150 ኪሎ ይሸከማል ብሎ ከጻፈ፣ የሰውነትዎ ክብደትና ዕቃዎ ተደምሮ ከ110 ኪሎ ባያልፍ ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ የተጫነ ካያክ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ይሄዳል፣ በትንሽ ሞገድም ይናወጣል። የሚያከራይ ካገኙ በመጀመሪያው ዓመት ባይገዙ ይሻላል።

የመንሳፈፊያ ጃኬት ከወገብ እስከ ትከሻ ጠብቆ የሚታሰር መሆን አለበት፤ ከመቀመጫ ኋላ ታስሮ የተቀመጠ ጃኬት እንደሌለ ይቆጠራል። ፊሽካና ቢላ ከጃኬቱ ጋር ይሰሩ። የጅቡቲ ሲም ካርድ የገባበት ስልክዎን ውሃ በማያስገባ ከረጢት ያድርጉ፤ የባሕር መገናኛ ሬዲዮ ካገኙ የአደጋ ጥሪ የሚደረገው በቻናል 16 ነው። እጅጌ ረጅም ልብስ፣ በክር የታሰረ ባርኔጣና ቢያንስ ሦስት ሊትር የሚጠጣ ውሃ ይያዙ። ከመውጣትዎ በፊት የት እንደሚሄዱና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ በዳርቻ ለሚቀር ሰው ይንገሩ፤ ያ ሰው ሰዓቱ ካለፈ ለማን እንደሚደውልም አስቀድሞ ይወቅ።

አሁን ወደ ዋናው ትምህርት እንምጣ። ልምምዱን በከተማችን ሆቴሎች ከሚገኙት የመዋኛ ገንዳዎች በአንዱ ባለቤቱን አስፈቅደው ቢጀምሩት መልካም ነው፤ ቀጥሎም ጅቡቲ ሲደርሱ እግር በማይደርስበት፣ ነገር ግን ለዳርቻው ቅርብ በሆነ ውሃ ከጓደኛ ጋር ይድገሙት። ሆን ብለው ይገልብጡት። ውሃ ውስጥ ሲወድቁ በቅድሚያ ካያኩን በአንድ እጅ ይያዙ፤ ባዶ ካያክን ነፋስ ሲወስደው ዋናተኛ አይደርስበትም። ሆዱ ወደ ላይ ከሆነ በላዩ ተሻግረው በማዶ በኩል ያለውን ጠርዝ ወይም ማሰሪያ ይያዙ፣ ጉልበትዎን በቅርቡ ጠርዝ ላይ አስደግፈው ወደ ኋላ ይውደቁ፤ ክብደትዎ ይመልሰዋል። ከዚያ ከመቀመጫው ትይዩ ይሁኑና ሁለት እጅዎን ካያኩ ላይ አድርገው እግርዎ ከኋላዎ ወደ ውሃው ገጽ እንዲንሳፈፍ ይተዉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው እንደ ግድግዳ ሊወጣበት ሲሞክር ነው፤ እንዲያ ሲደረግ እግር ከካያኩ ሥር ይገባል፣ ካያኩም ተመልሶ ይገለበጣል። እንደሚዋኝ ሰው እግርዎን እያራገቡ ካያኩን ወደ ሆድዎ ሥር ይሳቡት። እምብርትዎ ከመቀመጫው በላይ ሲሆን በጀርባዎ ይዙሩና ይቀመጡ፤ እግርዎን በመጨረሻ ያስገቡ። ደክሞዎት ሳለ፣ ጃኬቱን እንደለበሱ፣ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ከተሳካልዎ ለቀጣዩ ደረጃ ደርሰዋል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ጉዞዎች ያለ ማጥመጃ ያድርጉ። ሁልጊዜ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቃወሙ ይጀምሩ፤ ሲደክምዎት ወደ መነሻዎ የሚገፋዎት እርሱ ነው። ጀማሪ በሰዓት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ሜትር ቢቀዝፍ ነው፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ ሜትር መራቅ በቂ ነው። ከወደቡ አካባቢ፣ ከትላልቅ መርከቦች መተላለፊያና ከወታደራዊ ሥፍራዎች ይራቁ። በባሕረ ሰላጤው ምዕራባዊ ጫፍ ያለው፣ ጉቤት ወደሚባለው የውስጥ ባሕር የሚያስገባው በር ጠባብ በመሆኑና የባሕሩ ውሃ ሲሞላና ሲጎድል ኃይለኛ ጅረት ስለሚፈጠርበት የጀማሪ ቦታ አይደለም። ሙሻና መስካሊ ደሴቶችም ከዳርቻው ርቀው የሚገኙና ኮራላቸው ጥበቃ የሚደረግለት በመሆኑ ለማጥመጃ አይምረጧቸው። የትኛው ቦታ እንደሚፈቀድ በየጊዜው ከአገሩ ባለሥልጣናት ይጠይቁ።

ለማጥመዱ ቀላሉ ዘዴ ሰው ሠራሽ ትንሽ ዓሣ ከካያኩ ኋላ ሠላሳ ሜትር ያህል ለቅቆ በዝግታ መቅዘፍ ነው። በዚህ ዘዴ ባራኩዳ፣ ቱናና የቀይ ባሕር ዓረቦች ዲራክ የሚሉት ረጅም ዓሣ ይያዛሉ። ባራኩዳና ዲራክ ክር የሚበጥስ ጥርስ ስላላቸው ከመንጠቆው ቀጥሎ አንድ ስንዝር ያህል የብረት ሽቦ ያስገቡ። ማጠንጠኛውን፣ ማለትም ክሩ የሚጠቀለልበትን የዘንጉን መሣሪያ፣ ጉዞ ሳይጀምሩ ቤትዎ ሆነው ያስተካክሉት፤ የክሩን ጫፍ በከተማችን ታይዋን ገበያ ከሚገኙት ትንንሽ የሻንጣ ሚዛኖች በአንዱ ላይ ይሰሩና ይሳቡ። 15 ኪሎ የሚችል ክር ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ሲሳብ መለቀቅ ይጀምር። ከዚህ በላይ የጠበቀ ማጠንጠኛ ትልቅ ዓሣ በጎን ሲስብ ካያኩን ሊገለብጥ ይችላል።

እኔ የተገለበጥኩት ግን ዓሣው ከደከመ በኋላ ነው። አንድ ባራኩዳ ከጎኔ ተኝቶ ሳለ መንጠቆውን ለመንቀል ሁለት እጄን ዘርግቼ ተንጠራራሁ፤ አፍንጫዬ ከካያኩ ጠርዝ ባለፈበት ቅጽበት ውሃ ውስጥ ነበርኩ። ዘንጉ በገመድ ታስሮ ስለነበር ተረፈ፤ ያላሰርኩት ፒንሳ ግን በጠራው ውሃ ውስጥ እያብለጨለጨ ቁልቁል ሲወርድ ለረጅም ጊዜ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓሣ ሲቀርብ እግሮቼን በግራና በቀኝ ወደ ውሃው እሰድዳለሁ፤ እንዲህ ሲደረግ ሚዛን ይጸናል። ራስዎ ከጠርዙ አይለፍ፤ ዓሣውን አፉን በሚቆነጥጥ መያዣ ይዘው ጥርሱን ከእግርዎ አርቀው ያስገቡት፣ ጭንቅላቱንም በአንድ ምት መትተው ይግደሉት። ደሙ ሻርክ እንዳይጠራ ወደ ውሃው ከማፍሰስ በከረጢት ውስጥ ይጠራቀም።

በረዶ የያዘ ሣጥን ይኑርዎት። ቱናና የመሳሰሉት ዓሦች ሙቀት ላይ ከቆዩ ምግብ ማብሰል የማያጠፋው መርዝ ያበጃሉ፤ ከጅቡቲ ድሬዳዋ ድረስ ያለው መንገድ ደግሞ ሞቃት ነው። ሆዱን እንደ ፊኛ የሚነፋውን ዓሣ ጨርሶ አይብሉ። ድንጋይ መሳይ ወይም ላባ መሳይ እሾኻም ዓሣ ከወጋዎት፣ የተወጋውን አካል ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆይተው ወደ ሐኪም ይሂዱ። ዳርቻ እንደደረሱ ለሚጠብቅዎት ሰው መመለስዎን ያሳውቁ፤ ካያኩን፣ ዘንጉንና ማጠንጠኛውን ጨው በሌለው ውሃ አጥበው በጥላ ያድርቁ፤ መንጠቆዎቹንም ዝገት ሳይጀምራቸው በዚያው ምሽት በጨርቅ ይጥረጉ።