የሞተር ቴስታታ ሲላግ ስንት እንደተነሳ እንዴት ይለካል?

ሰው ጭነህ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስትወጣ ሞተርህ ጉልበት ካጣና ከቴስታታው (ሲሊንደሩን ከላይ ከሚዘጋው ክፍል) ሥር «ጭ ጭ» የሚል ድምፅ ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ ጋስኬቱ (በሁለቱ መካከል ያለው ማሸጊያ) አልፏል፣ ማለትም ተበላሽቶ ያፈሳል ማለት ነው። ቴስታታውም ጠምሞ ሊሆን ስለሚችል ይላጋል፣ ማለትም ፊቱ ተፍቆ ይስተካከላል። ግን ስንት ሚሊ ሜትር ተፍቆ እንደተነሳ ሳትለካ እንዳትገጥመው! ብዙ ከተነሳ ቫልቩና ፒስተኑ ይቀራረባሉ፣ ኮምፕሬሽኑም ይጨምራል።

ቴስታታውን ፍታው፣ የድሮውን ጋስኬት በእንጨት ፍቀህ አጽዳ።

ዋናው ነገር ከመላግህ በፊት ያለው ልክ ነው። ጋስኬቱ ከሚያርፍበት ፊት እስከ ቫልቭ ክዳኑ መቀመጫ ያለውን ቁመት በካሊፐር ለካ። ሁለቱም በማሽን የተስተካከሉ ናቸው። በማሽን ያልተስተካከለውን ሸካራ አካል መነሻ ካደረግክ በለካህ ቁጥር ሌላ ቁጥር ይመጣል። አራት ቦታ ምረጥ፣ ጎኑ ላይ በማርከር ከ1 እስከ 4 ጻፍ፣ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ለክተህ መዝግብ። እኔ 0.02 ሚሊ ሜትር የሚያነበውን ባለ መስመር ካሊፐር እመርጣለሁ፤ ርካሹ ዲጂታል ባትሪው ሲደክም ቁጥሩ ይዘላል።

አንዴ ኮምቦልቻ ላይ ቴስታታውን በፈላ ውሃ አጥቤ ወዲያው ለካሁት። ላግኩት፣ ማታውን ደሴ ይዤው ወጣሁ፣ ጠዋት በዚያ ብርድ ስለካው 0.15 ተነስቷል። በቃ ብዬ ገጠምኩት። ሐረጎ ላይ ያው ድምፅ ተመለሰ። ለካ አልሙኒየም ሲሞቅ ይለጠጣል! 80 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ቴስታታ በ45 ዲግሪ ልዩነት ወደ 0.08 ይቀየራል። የተነሳው ግማሹ ብቻ ነበር፣ አዲሱ ጋስኬትም ተቃጠለብኝ። ስለዚህ በፊትም በኋላም እጅህ ላይ ቀዝቀዝ ሲልህ ብቻ ለካ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ቢሆን ይሻላል።

ፊቱን በማርከር አሰምረህ ወፍራም መስታወት ላይ በተነጠፈ ብርጭቆ ወረቀት እሸው፣ በየጊዜው እያዞርክ። መስመሮቹ ሁሉ ሲጠፉ ተስተካክሏል። ቶርኖ ቤት ከወሰድከውም ቁጥሮችህን ይዘህ ሂድ።

እጠበው፣ አቀዝቅዘው፣ አራቱን ቦታ እንደገና ለክተህ ቀንስ። አንዱ ጥግ 0.10 ሌላው 0.25 ካለ አንዱን ወገን አብዝተህ ተጭነሃል፤ ትንሽ የተነሳውን ጥግ ጫን እያልክ እሸው። የሲሊንደሩ ስፋት 56 ሚሊ ሜትር ከሆነ 0.2 መነሳት የቃጠሎ ክፍሉን ቢበዛ በግማሽ ሲሲ ያጠበዋል።

ከገጠምክ በኋላ ካንዴላውን አውጥተህ ሞተሩን በእጅህ ቀስ ብለህ ሁለት ሙሉ ዙር አዙር። ጠንከር ብሎ ከቆመ አትግፋው፣ ፍታው።