ድረ ገጻችሁ ጎግል ላይ አልወጣ ሲል

ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ላሊበላም ድረ ገጽ ያሠራ ነጋዴ ቅሬታው አንድ ነው፤ «ጎግል ላይ የለሁም» ይላል። «አንደኛ ላይ አወጣሃለሁ» ለሚል ሰው ብር ከመክፈላችሁ በፊት ምልክቱን ለዩ። እንዲህ ያለ ዋስትና የሚሰጥ ሰው እንዳታምኑ ጎግል ራሱ ያስጠነቅቃል።

የድርጅቱ ስም ተጽፎም አይመጣም

መፈለጊያው ላይ «ሳይት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል (site)፣ ከዚያ ኮለን (:)፣ ከዚያ ክፍተት ሳትተዉ የድረ ገጹን አድራሻ ጻፉ። ምንም ካልመጣ ጎግል ገጹን አልመዘገበውም ማለት ነው። ድረ ገጹ የተሠራው ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ከሆነ ቅንብሩ ውስጥ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይመዘግቡት የሚያደርግ ሳጥን አለ። ሠሪዎች ሥራው እስኪያልቅ ራይት ያደርጉበትና ሳያነሱት ያስረክባሉ። አንሱት። ከዚያ ሰርች ኮንሶል በሚባለው ነፃ የጎግል አገልግሎት ሳይትማፑን (የገጾቻችሁን ዝርዝር የያዘውን ፋይል) አስገቡ። ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በየቀኑ መነካካት አያፋጥነውም።

በስሙ ይመጣል፣ በሥራው አይመጣም

እኛ ዘንድ ዋናው ጣጣ ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ ገጹ ላይ የሚነበብ ጽሑፍ የለም። የአልጋ ዋጋው፣ ሜኑው፣ አድራሻው በፎቶሾፕ ተሠርቶ ፖስተር ሆኖ ተለጥፏል። ሲያዩት ያምራል፤ ለጎግል ግን ፎቶ ነው። ሁሉንም በጽሑፍ አስገቡት።

ሌላው የድሮ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በአንድ ዓይነት እንዲያነቡ የሚያደርገው ደረጃ ውስጥ) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዩኒኮድ ውጪ የተሠሩት ፎንቶች ግን ዛሬም ከየኮምፒውተሩ አልጠፉም። ከገጹ አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለጥፉ። የላቲን ፊደል ትርምስ ከወጣ ጎግልም የሚያነበው ያንኑ ነው። መፍትሄው በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ነው።

ጽሑፍ ካለ ደግሞ ምን እንደሚል እዩ። ርእሱ «መነሻ ገጽ»፣ ውስጡ «ጥራት ያለው አገልግሎት እንሰጣለን» ከሆነ ይህን ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም። ላሊበላ አልጋ የሚፈልግ ሰው ከቤተ ጊዮርጊስ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ከኤርፖርት የሚቀበለው መኖሩን፣ ለገና አልጋ መያዝ መቻሉን ማወቅ ይፈልጋል። እነዚህን በግልጽ መልሱ። የገናውን ገጽ መስከረም ላይ አውጡት፤ ታኅሣሥ ላይ የወጣ ላይደርስ ይችላል። በየዓመቱም አዲስ ገጽ አትክፈቱ፣ ያንኑ አድሱት።

ሎጃችሁ ሐይቅ ከተማ ከሆነ አንዱ ፈላጊ በ«ሐ»፣ ሌላው በ«ሀ» ይጽፋል። ርእሱ ላይ አንዱን፣ ውስጥ ሌላውን አንዴ ማስገባት ይበቃል። ለውጭ እንግዳ የእንግሊዝኛው ገጽ ለብቻው ይሁን። «ኪዎርድ ሜታ ታግ (ገጹ ኮድ ውስጥ የሚደበቅ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር) እሞላላችኋለሁ» የሚል ካለ ደግሞ ጎግል እንደማይጠቀምበት የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2009 እንደሆነ ንገሩት።

ካርታው ላይ ጎረቤት ይወጣል፣ እናንተ የላችሁም

ይሄ የድረ ገጹ ችግር ላይሆን ይችላል። ድርጅታችሁን ካርታው ላይ የሚያወጣውን የጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል በነፃ ክፈቱና አረጋግጡ። የካርታውን ፒን (ቦታ ጠቋሚውን) በሩ ላይ አድርጉት። ደሴ ውስጥ «ፒያሳ» ወይም «ቧንቧ ውሃ» ብሎ የሚጠይቅ ስለሚበዛ የሰፈሩን ስም ድረ ገጹ ላይም ጻፉ። ስልኩ በሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን። የረካ ደንበኛ አስተያየት እንዲጽፍ ጠይቁ፤ በገንዘብ ግን አትግዙ።

ነበረ፣ ድንገት ወረደ

በቅርቡ ዲዛይን ቀይራችኋል? የገጾቹ አድራሻ አብሮ ከተቀየረ የድሮዎቹ ወደ አዲሶቹ በ301 (በቋሚ ማዞሪያ) እንዲዞሩ ሠሪውን አስደርጉ። ዲዛይን ካልተነካ ሰርች ኮንሶል ውስጥ «ማኑዋል አክሽን» (የጎግል ሠራተኞች የጣሉት ቅጣት የሚታይበት) የሚለውን ክፈቱ። ከሌላ ድረ ገጽ ወደ እናንተ እንዲያመጣ በተገዛ ሊንክ ምክንያት ቅጣት ካለ ሊንኮቹን አስነሱና ገጹ እንደገና እንዲታይ እዚያው አመልክቱ።