በባኩሎቫይረስ ጂን ወደ አጥቢ ሴል ሲላክ የሚበላሹ ነገሮች

ባኩሎቫይረስ የነፍሳት ቫይረስ ነው። የሰው ወይም የአይጥ ሴል ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ግን አይራባም። ጂን ለማድረስ ተመራጭ ያደረገው ይኸው ነው፤ ብዙ ሙከራ የሚያበላሸውም ይኸው። በነፍሳት ሴል የለመዱትን አሠራር እንዳለ ወደ አጥቢ ሴል የሚወስዱ ሰዎች ውጤት ያጣሉ። ጅማ ላይ ይህን ሥራ ለሚጀምሩ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ዋና ዋናዎቹ ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ጂኑን በፖሊሄድሪን ፕሮሞተር ሥር መተው

ፕሮሞተር ጂኑን የሚያስነሳው የዲኤንኤ ክፍል ነው። ፖሊሄድሪን የተባለው የባኩሎቫይረስ ፕሮሞተር በነፍሳት ሴል ውስጥ እጅግ ብርቱ ነው። የሚያሠራው ግን ቫይረሱ ራሱ የሚያመርተው አር ኤን ኤ ፖሊሜሬዝ ነው፤ አጥቢ ሴል ውስጥ ደግሞ ይህ ኢንዛይም አይገኝም። ጂኑን ወደ ቫይረሱ ለማስገባት የሚያገለግለው ፒፋስትባክ-1 ፕላዝሚድ (ክብ ዲኤንኤ) ከነፖሊሄድሪኑ ስለሚመጣ ካርታውን አይታችሁ በአጥቢ ሴል የሚሠራ ሲኤምቪ ወይም ሲኤጂ ፕሮሞተር አስገቡበት።

የነፍሳት ሴልን ጠረጴዛ ላይ ማሳደግ

ቫይረሱ የሚራባበት የነፍሳት ሴል፣ ኤስኤፍ-9፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይፈልግም፤ ኢንኩቤተር ግን ይፈልጋል። የሚስማማው 27 ዲግሪ ነው፤ የጅማ ሌሊት ከዚያ በጣም ይቀዘቅዛል። ሴሉ አዝግሞ ይከፋፈላል፣ ቫይረሱም በተጠበቀው ቀን አይደርስም። (ይህ ሴል የተገኘው በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ በቆሎ ካጠቃው የአሜሪካ መጤ ተምች እንቁልጢ ነው።)

ለማራባት የሚበቃውን መጠን ለማድረስም መጠቀም

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ቫይረሱን ለማራባት በአንድ ሴል 0.1 ቫይረስ ይበቃል፤ መጀመሪያ የተያዙት ሴሎች ለሌሎቹ ያዳርሳሉ። አጥቢ ሴል ላይ የሚያዳርስ የለም፤ ያላችሁ የጨመራችሁት ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ሴል ከ50 እስከ 200 ቫይረስ ይዛችሁ ጀምሩ። የጉበት ሴሎች በቀላሉ ይቀበላሉ፤ የደም ሴሎች ግን ያስቸግራሉ።

ስሌቱን ወረቀት ላይ ሥሩ። ባለ 6 ጉድጓድ ሳህን ላይ በአንዱ ጉድጓድ 500,000 ሴል ካለና በሴል 100 ቫይረስ ከፈለጋችሁ 50 ሚሊዮን ቫይረስ ያስፈልጋል። ክምችታችሁ በሚሊ ሊትር 100 ሚሊዮን ከያዘ ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው። 10 ሚሊዮን ብቻ ከያዘ ግን 5 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ለጉድጓዱ ይበዛል፣ ፒኤቹ 6.2 አካባቢ የሆነው የነፍሳት ሚዲየምም አጥቢ ሴሉን ይጎዳል። ያኔ በ1,000 ጂ (የመሬት ስበት 1,000 እጥፍ) ለ10 ደቂቃ አሽከርክራችሁ የሴል ፍርስራሹን አስወግዱ፤ ፈሳሹን በ4 ዲግሪ፣ በ80,000 ጂ ለ90 ደቂቃ አሽከርክሩ። ዝቃጩ ላይ ጥቂት ፒቢኤስ (የፎስፌት ጨው ውህድ) ጨምራችሁ በ4 ዲግሪ አሳድሩት። በፒፔት ደጋግሞ መምታት የቫይረሱን ሽፋን ያበላሻል።

የቫይረሱን ብዛት በፕላክ አሴይ ለኩ፤ ይህ ሴል መያዝ የሚችለውን ቫይረስ ብቻ የሚቆጥር ዘዴ ነው። ዲኤንኤን የሚለካው ኪውፒሲአር ግን የሞተውን ቫይረስ ጂኖምም ይቆጥራል።

ክምችቱን መበደል

ከፒ-3 (ከሦስተኛው የማራባት ዙር) በላይ አታራቡ፤ በየዙሩ ጎደሎ ቫይረሶች ይበዛሉ፣ ያስገባችሁት ጂንም ይጠፋል። ብርሃን ቫይረሱን ስለሚያደክመው ብልቃጡን በፎይል ጠቅልላችሁ በ4 ዲግሪ አስቀምጡ፤ ጥቂት ሴረም ቢጨመርበት ይቆያል። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከሞቀ የድሮውን ቁጥር አትመኑ፣ እንደገና ለኩ።

ቫይረሱን በተለመደው ሚዲየም ላይ መጨመር

በሚዲየሙ ያለው ሶዲየም ባይካርቦኔት የቫይረሱን መግባት ይቀንሳል። ሚዲየሙን አንስታችሁ ካልሲየምና ማግኒዥየም ባለው ፒቢኤስ እጠቡ፤ ቫይረሱንም በዚያው ፒቢኤስ በጥብጣችሁ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ለ4 ሰዓት ያህል በቀስታ እየተናወጠ ይቆይ። ከዚያ 5 ሚሊ ሞላር ሶዲየም ቢዩቲሬት ያለበት አዲስ ሚዲየም ተኩ። ቢዩቲሬት ክሮማቲኑን (ዲኤንኤው በፕሮቲን ላይ የተጠቀለለበትን) ስለሚያላላ ጂኑ በደንብ ይገለጣል፤ ሴሉ ሲከፋ ካያችሁ መጠኑን ቀንሱ። ሴረሙ አስቀድሞ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይሙቅ፤ አለበለዚያ በውስጡ ያለው ኮምፕሌመንት (በደም የሚገኝ የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) ቫይረሱን ያጠፋዋል።

በሕያው እንስሳ ላይም ጠላቱ ይኸው ኮምፕሌመንት ነው። በደም ሥር የተሰጠ ተራ ባኩሎቫይረስ የትም አይደርስም። እንደ ዓይንና አንጎል ባሉ ከኮምፕሌመንት በተጠበቁ ቦታዎች በቀጥታ መውጋት፣ ወይም ሽፋኑ ላይ ሲዲ55 የተሰኘውን ተከላካይ ፕሮቲን ማስቀመጥ ያዋጣል።

ያየነው ሁሉ የጂኑ ሥራ ነው ማለት

ሲኤምቪ በኤስኤፍ-9 ውስጥም ትንሽ ስለሚሠራ፣ ለመፈተሻ ያስገባችሁት ጂን እዚያ ያመረተው አረንጓዴ አብሪ ፕሮቲን ከቫይረሱ ጋር ተጭኖ ሊመጣ ይችላል። ጂን የሌለው ቫይረስ ጎን ለጎን አስኪዱ፤ ሳህኑንም ሁለት ጊዜ እዩ። በ2ኛው ሰዓት ላይ ካበራ የተጫነው ፕሮቲን ነው፤ ሴሉ ራሱ ያመረተው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደምቃል፣ ቫይረሱ ስለማይራባም ቀስ በቀስ ይደበዝዛል።