መሪው ሲጠመዘዝ የሚታነቅ ሱባሩ፦ ከጎማና ከቸርኬ የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከሶማሌ ተራ ብዙ በማይርቀው ጋራዣችን በር ላይ የሚቆሙት የሱባሩ ኢምፕሬዛዎች አብዛኞቹ የሚመጡት በአንድ ችግር ነው። ባለቤቶቹ ግን አንዱ ካምቢዮ ነው ይላል፣ ሌላው ፍሬን ነው ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ዕቃ ገዝቶ ይዞ ይመጣል። ነፋስ መለካትን፣ ባላንስንና አላይመንትን ታውቃላችሁ ብዬ እዘላለሁ። ቁጥሮቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2002 እስከ 2007 ለነበረው የኢምፕሬዛ ደብልዩ አር ኤክስ (WRX) ናቸው። ምክንያቱ ግን ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ለሚነዳ መኪና ሁሉ ያው ነው።

ምልክት፦ ጠባብ ቦታ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዛችሁ ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ መኪናው ይታነቃል፣ ይዘላል፣ ፍሬን የያዘ ይመስላል። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ደህና ነው፤ ከሜክሲኮ ፒያሳ ደርሶ ሲሞቅ ይብሳል።

መንስኤ፦ የአራቱ ጎማዎች ዙሪያ እኩል አይደለም።

በፊት ጎማ ብቻ በሚነዳ መኪና የፊቱና የኋላው ጎማ ቢለያይ ብዙ አይጎዳም። እዚህ ግን የፊቱና የኋላው ዘንግ በመሃል ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍል ዕቃ) ተያይዘዋል። በማኑዋሉ ካምቢዮ ላይ ከዚህ ዲፈረንሻል ጋር ቪስከስ ካፕሊንግ የሚባል ዕቃ አለ፤ ውስጡ ስስ ሰሌዳዎችና ሲሊኮን ፈሳሽ ናቸው። የፊቱና የኋላው ዘንግ የሚዞሩበት ፍጥነት ሲለያይ ፈሳሹ ሰሌዳዎቹን ይይዛል። ጭቃ ላይ አንዱ ጎማ ሲሽከረከር የሚያወጣችሁ ይኸው ነው። ልዩነቱ ቀኑን ሙሉ ካልቆመ ግን ፈሳሹ ይግላል፣ ሰሌዳዎቹም ይጣበቃሉ። ከዚያ በኋላ የፊቱና የኋላው ዘንግ እንደ አንድ ብረት ይሆናሉ፤ በመታጠፊያ ላይ የተለያየ ርቀት መሄድ ያለባቸው ጎማዎች እርስ በርስ ይጎተታሉ።

ልዩነቱ ስንት ቢሆን ነው? ሱባሩ የሚፈቅደው በዙሪያ ልኬት ሩብ ኢንች ነው፣ ማለትም 6 ሚሊሜትር ከምናምን። አንድ ሚሊሜትር የጎማ ጥርስ ጥልቀት ልዩነት በዙሪያው ላይ 6.28 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ የተፈቀደላችሁ የጥርስ ልዩነት አንድ ሚሊሜትር ነው፤ አንድ! ፊት ላይ 8 ሚሊሜትር ጥርስ ያለው አዲስ 205/55R16 (ወርዱ 205 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 55 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች)፣ ኋላ ደግሞ 4 ሚሊሜትር የቀረው ያንኑ ጎማ ብታስሩ የኋላው በየኪሎ ሜትሩ ስድስት ዙር ያህል ይበልጣል። አዳማ እስክትደርሱ ከ500 ዙር በላይ ነው፤ ያንን ሁሉ የሚበላው ያ ሲሊኮን ነው።

አንድ ወጣት ሁለት አዲስ ጎማ ገዝቶ ፊት አሳሰረ። በሳምንቱ መጣ። «ጋሼ፣ የኋላዎቹ እኮ ገና ናቸው፣ ለምን ልጣላቸው?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በፊት ጎማ ብቻ ለሚነዳው ቪትዝ ቢሆን ገና ናቸው። ሌላው ደንበኛ የባሰ ነው፦ የመሃል ዲፈረንሻሉን ከፈረሰ መኪና በተወሰደ ሁለት ጊዜ አስቀይሯል፤ ሁለተኛውም በሦስት ወሩ ታነቀ። ሁለቱን ጊዜ የሠራው ባለሙያ ጎማዎቹን አልለካም። በሜትር ስንለካቸው በፊቱና በኋላው መካከል 19 ሚሊሜትር ነበር። በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ እንዲህ ያለውን ዕቃ እንደ ፍሬን ሸራ መቀያየር ቅንጦት ነው።

ሦስተኛው ታሪክ እኔንም ያሳሳተኝ ነው። አራቱም ጎማዎች አዲስ፣ አራቱም 215/45R17 የተጻፈባቸው። መኪናው ግን ይታነቃል። ቪስከሱ ሞቷል ብዬ ካምቢዮውን ላወርድ ስዘጋጅ አንዱ ረዳታችን «ሁለቱ እኮ ከሌላ ፋብሪካ ናቸው» አለ። ለካን፤ 14 ሚሊሜትር። በጎማው ጎን የተጻፈው ልክ ስም ነው፤ ሁለት ፋብሪካዎች ያንኑ ቁጥር ጽፈው የተለያየ ዙሪያ ያወጣሉ። ሻጩ «ልኩ አንድ ነው» ሲላችሁ አልዋሸም፣ ግን አልለካም።

እንዴት ይለካል፦ የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። ጎማውን በክሪክ አንሱ፣ ሜትሩን በጥርሱ መሃል ዙሩበት፣ ቁጥሩን ቸርኬው ላይ በጠመኔ ጻፉ። አራቱም በአንድ ነፋስ ይሞሉ፤ ነፋሱ ከተለያየ ልኬቱ ዋጋ የለውም። የምትጠራጠሩ ከሆነ መኪናውን መሬት አውርዱና ሲሚንቶ ወለል ላይ ጎማው የነካበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ አምስት ዙር ቀጥ አድርጋችሁ ግፉ፣ እንደገና ምልክት አድርጉ፣ ርቀቱን ለአምስት አካፍሉ። ክብደት ተሸክሞ የሚንከባለልበት እውነተኛ ልክ ይህ ነው።

መፍትሄ፦ አራት ጎማ፣ ከአንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓይነት፣ በአንድ ቀን። አንዱ ብቻ ከፈነዳ ያንኑ ዓይነት በተመሳሳይ ጥርስ ያገለገለ ፈልጉ፤ ያገለገለ ጎማ የምፈቅደው እዚህ ብቻ ነው፣ እሱንም ጎኑ ላይ ያለውን የመጨረሻ አራት ቁጥር አይቼ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ አቆጣጠሩ የአውሮፓ ነው። በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ ፊትና ኋላ አቀያይሩ። ስኮርታው ትንሹ ዓይነት ከሆነ ጎሚስታ ጋ እስክትደርሱ ብቻ ነው፤ በብዙዎቹ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ሞተር ክፍል ውስጥ ኤፍ ደብልዩ ዲ (FWD) የተጻፈበት የፊውዝ ቦታ አለ፣ ፊውዝ ስትከቱበት የኋላው ጉልበት ይቋረጣል። ጎማዎቹን ካስተካከላችሁ በኋላ ሦስት ቀን ንዱት። አሁንም ከታነቀ ያኔ ቪስከሱ ሞቷል፤ ካምቢዮ የሚወርደው ያኔ ነው።

ምልክት፦ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ባላንስ ሦስት ጊዜ ተሠርቷል። ከተማ ውስጥ አይታወቅም፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ ይወጣል።

መንስኤ፦ ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመሃል ብረት) ላይ በመሃሉ አልተቀመጠም። የሱባሩ ሞዞ 56.1 ሚሊሜትር ነው። የቮልስዋገን ጎልፍ 4 ቸርኬ አምስቱ የቡሎን ቀዳዳዎች እንደ ሱባሩው በ100 ሚሊሜትር ክብ ላይ ስለተደረደሩ ይገባል፣ የመሃል ቀዳዳው ግን 57.1 ነው። ከዚህ የከፋው ሌላ ነው፦ የቮልስዋገን ቸርኬ የቡሎን መቀመጫ እንደ ኳስ ክብ ሲሆን የሱባሩ ዳዶ ሾጣጣ ነው። ዳዶው በቀጭን መስመር ብቻ ይነካል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ራሱን ይፈታል። አንዱን ሰው ሦስት ዳዶ በጣት ስፈታለት ፊቱ ነጣ። ይህን ቸርኬ በምንም ዘዴ አታስሩት። ሁለገብ ተብለው ለሚሸጡት፣ ቀዳዳቸው 73.1 ለሆነው ግን ማጥበቢያ ቀለበት አለ፤ አሉሚኒየሙን ግዙ። ፕላስቲኩ በፍሬን ሙቀት ይሰነጠቃል። የትኛውም ቸርኬ ከታሰረ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹን ደግማችሁ አጥብቁ።

ምልክት፦ ጉብታ ላይ ጎማው ፓራፋንጎ ይነካል። ከቸርኬው ጀርባ ኢቲ (ET) ተብሎ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ፤ ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከቸርኬው ወርድ መሃል ስንት ሚሊሜትር እንደሚርቅ ይናገራል። የፋብሪካው 55 አካባቢ ነው፤ ቁጥሩ ሲቀንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። ወርዱ 7 ኢንች የሆነውን ኢቲ 55 አውጥታችሁ ወርዱ 8 ኢንች የሆነ ኢቲ 35 ስታስሩ የውጭው ጠርዝ 33 ሚሊሜትር ያህል ይገፋል። ፓራፋንጎ በመዶሻ ማጠፍ መፍትሄ አይደለም፤ ኩሽኔታው ይጮኻል፣ መሪውም በጉድጓድ ቁጥር ይነጥቃችኋል። ስፔሰር (በቸርኬውና በሞዞው መካከል የሚገባ ሰሌዳ) ለምትጨምሩ ሰዎች የምለው የለኝም።

ምልክት፦ ቸርኬ ይጣመማል፣ የጎማው ጎን ያብጣል። ጎማው ቀጭን ነው። 205/55R16 በጎኑ 113 ሚሊሜትር ላስቲክ አለው፣ 215/35R18 ግን 75 ብቻ፤ የሙሉ ጎማው ቁመትም ከፋብሪካው ወደ 4 በመቶ ስለሚያንስ ፍጥነት መለኪያው ከእውነቱ በላይ ያነባል። 16 ኢንች ይበቃል፤ ካማራችሁ 215/45R17 ወይም 225/45R17፣ ከዚያ አትለፉ። አዲሶቹ የእግረኛ መንገድ ጠርዞች ስለታም ናቸው፤ በሦስት ወር ውስጥ አስራ አንድ የተቀጠቀጠ ቸርኬ አይቻለሁ። የተበየደ ቸርኬ አትግዙ። ቀለሙ አዲስ ከሆነ በውስጥ በኩል በጥፍር ፍቁት፤ ብየዳው እብጠት ሆኖ ይነካል።

ሌሎች አንዳንዴ የሚያጋጥሙ፦ ቀጥ ባለ መንገድ የሚያጉረመርም ድምፅ መሪ ሲዞር ከተለወጠ ኩሽኔታ ነው። የኤ ቢ ኤስ መብራት ጎማ ከተቀየረ ወዲህ ከበራ መጀመሪያ አራቱን ለኩ። ባለ ብሬምቦ ፍሬን ኤስ ቲ አይ (STI፣ የደብልዩ አር ኤክስ ጉልበተኛው ዓይነት) 16 ኢንች ቸርኬ አይቀበልም። የ2004 ኤስ ቲ አይ አምስቱ ቀዳዳ በ100፣ የ2005ቱ በ114.3 ነው፤ «የኤስ ቲ አይ ቸርኬ ነው» ብቻ ለሚላችሁ ሻጭ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ሜትሩን አውጡ።